ልጅ ሲያሳድጉ ቆይተው ወደ ፕሮግራሚንግ ሥራ ለሚመለሱ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሰው?

ልጅ ለማሳደግ ከሥራ ርቆ የቆየ ፕሮግራመር መመለስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ልማር?" ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ መቅደም ያለበት ግን እሱ አይደለም። ብዙ ሰው መንገዱን የሚስተው እውቀት አንሶት ሳይሆን ያለውን ሰዓት ሳይቆጥር በመምረጡ ነው። በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው 40 ሰዓት የሚጠይቅ ሥልጠና ተመዝግቦ በሦስተኛው ሳምንት ያቋርጣል። 30 ሰዓት ያለው ደግሞ ማመልከት ሲችል የትምህርት ቪዲዮ ሲያይ ግማሽ ዓመት ይከርማል።

እዚህ የሚነጻጸሩት ስድስት መንገዶች ናቸው፦ ወደ ቀድሞ ቀጣሪ መመለስ፣ ሪተርንሺፕ የሚባለው የመመለሻ ፕሮግራም፣ በቀጥታ ማመልከት፣ ፍሪላንስ (በግል ለደንበኛ መሥራት)፣ ቡትካምፕ (አጭር የተጠናከረ ሥልጠና) እና ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሮጀክት ላይ መሥራት)። ማነጻጸሪያው ሁለት ቁጥር ነው፦ ከሥራ የራቁባቸው ዓመታትና በሳምንት የሚያገኙት ያልተቆራረጠ ሰዓት። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። (በነገራችን ላይ "የወላጅነት ዕረፍት" የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ሕፃን ያሳደገ አይመስልም።)

ሰዓቱን መቁጠር

ለአንድ ሳምንት ወረቀት አጠገብዎ ያስቀምጡ። ማንም ሳይጠራዎት የተቀመጡበትን ጊዜ ሁሉ፣ የተቀመጡበትንና የተነሡበትን ሰዓት ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ከ60 ደቂቃ በታች የሆነውን በሙሉ ይሰርዙና የቀረውን ይደምሩ።

60 ደቂቃ የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሚጠራ፣ ስህተቱ የት ላይ እንደሚነሣ ጭንቅላት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብቻ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይሄዳል። ሦስት የ20 ደቂቃ ቁርጥራጭ አንድ ሰዓት አይሆንም፤ ሦስት ጊዜ መጀመር ነው የሚሆነው። ቁርጥራጮቹን አይጣሏቸው፦ ሲቪ ለማረም፣ መልእክት ለመመለስ፣ ሰነድ ለማንበብ ይበቃሉ። ለኮድ ግን አይቁጠሯቸው።

ካገኙት ድምር ላይ አንድ አምስተኛውን ለሕመም ቀን ይቀንሱ። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሕፃናት ማቆያ በገባ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ይብሳል። ከዚህ የሚከተል አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ልጁ ማቆያ የሚገባበት ቀንና እርስዎ ሥራ የሚጀምሩበት ቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይራራቁ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ከገጠሙ የልጁ መላመጃና የእርስዎ የሙከራ ጊዜ ይደራረባሉ፤ አለቃዎ በመጀመሪያው ወር የሚያየው ኮድዎን ሳይሆን የቀሩባቸውን ቀናት ይሆናል።

ምን ዛገ፣ ምን አልዛገም

የመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የድሮውን ላፕቶፕ ይከፍታሉ፣ የግል ፕሮጀክትዎን ያገኛሉ፣ አንድ መስመር ቀይረው ኮድ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ወደ ጊትሀብ፣ ፑሽ ያደርጋሉ (ይልካሉ)። የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል፤ ይጽፋሉ። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይጽፋሉ። ቃሉ ትክክል ነው፣ ግን አልቀበልም ይላል። እንደገና ይሞክራሉ፤ ያው ነው። በዚህ ጊዜ "ይሄንንም ረሳሁት ማለት ነው?" ብሎ መደንገጥ ይመጣል። የተረሳ ነገር የለም። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ ኮድ ሲላክ በይለፍ ቃል መግባትን አስቀርቷል፤ የሚሠራው ቶክን ወይም የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው። ቀጥሎ አዲስ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክት ማኅደር) ከፍተው "ማስተር" የሚለውን ብራንች (የኮዱን ቅርንጫፍ) ይፈልጉና ያጡታል፤ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ የአዲስ ሪፖዚተሪ ዋና ብራንች "ሜን" ተብሎ ነው የሚፈጠረው።

የሚዛገው እንግዲህ ይሄ ነው፦ መግቢያው፣ መጫኛው፣ የቨርዥን ቁጥሩ። በየቋንቋው ሲታይ፦

ፓይተን 2 ድጋፉ ያበቃው በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው፤ በሱ የተጻፈ የድሮ ፕሮጀክት ካለዎት መጀመሪያ ወደ 3 ማሻገር ነው። ጃቫ 8 ላይ ያቆሙ ሰዎች 11፣ 17፣ 21 እና 25 የሚባሉ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ቨርዥኖች አልፈዋቸዋል፤ በተግባር ግን ከ8 ወደ 17 የሚወስደው እርምጃ ነው የሚያስቸግረው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ይቀላል። ሪአክት ላይ የነበረ ሰው ክላስ ኮምፖነንት ከለመደ በ2019 የገቡትን ሁክስ የግድ መልመድ አለበት፤ ፕሮጀክት ይጀመርበት የነበረው ክሪኤት ሪአክት አፕም በ2025 ተሰናብቷል፣ ቦታውን እንደ ቪት ያሉ መሣሪያዎች ይዘውታል። የመጀመሪያው አንጉላር ጄኤስ በ2021 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል። "ዶት ኔት ኮር" የሚለው ስም ከ2020 ወዲህ "ዶት ኔት" ብቻ ሆኖ ቁጥሩ ከ5 ይቀጥላል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በጁን 2022 ጡረታ ወጥቷል፤ ይሄኛው እንኳ የምሥራች ነው።

ያልዛገው ይበዛል። ኤስኪውኤል ያው ነው። ኤችቲቲፒ ያው ነው። የስህተት መልእክት አንብቦ መንስኤውን ማሳደድ፣ ደንበኛ "አይሠራም" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ፣ ሐሙስ ማታ ትልቅ ለውጥ ወደ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚው ወደሚሠራበት ሲስተም) አለመላክ፣ እነዚህ በአምስት ዓመት አይጠፉም። ጀማሪ የሌለው፣ እርስዎ ግን ይዘው የመጡት ይሄንን ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ የ20 ሰዓት ሙከራ

የትኛው መንገድ እንደሚስማማ በግምት ከመወሰን 20 ሰዓት ማውጣት ይሻላል። የግል የሆነ የድሮ ፕሮጀክት ይውሰዱ። የቀድሞ ቀጣሪ ኮድ ፈጽሞ አይሁን፤ ላፕቶፕዎ ላይ ቀርቶ ቢሆን እንኳ የእርስዎ አይደለም፣ ለማሳያ ካወጡትም ሕጋዊ ጣጣ ያመጣል። የግል ፕሮጀክት ከሌለዎት ሦስት ሠንጠረዥ ያለው ትንሽ የዌብ አፕሊኬሽን ከባዶ ይጀምሩ።

መጀመሪያ በንጹሕ ማሽን ላይ ወይም በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው በተከለለ አካባቢ በሚያስነሣ መሣሪያ) ውስጥ እንዲነሣ ያድርጉ። ከዚያ ቋንቋውንና ላይብረሪዎቹን አሁን ድጋፍ ወዳለው ቨርዥን ያሳድጉ፣ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ዋና ቨርዥን ብቻ። ሦስት ቨርዥን በአንድ ዝላይ ያለፈ ሰው የሦስቱም ስህተት ተደባልቆ ይመጣበታል፤ የማሻሻያ ሰነዶቹም የተጻፉት ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለሚሄድ ሰው ስለሆነ መልሱን የት እንደሚፈልግ ይጠፋዋል። በየደረጃው ኮሚት ያድርጉ (ለውጡን ይመዝግቡ)። ሦስተኛ፣ አንድ አዲስ ነገር ከነቴስቱ ይጨምሩ። በመጨረሻ የማያውቁት ሰው በብሮውዘር ከፍቶ ሊያየው የሚችልበት ቦታ ላይ ያውጡት።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ጊት ላይ የተመዘገበው ኢሜይል የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። የድሮው የመሥሪያ ቤት አድራሻ ከሆነና ጊትሀብ መለያዎ ላይ ካልተያያዘ ሥራዎ ፕሮፋይልዎ ላይ አይቆጠርም፤ ሁለት ሳምንት ደክመው ገጹ ባዶ ይታያል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ያለ ኤአይ ረዳት ይሥሩ። ጊትሀብ ኮፓይለት ለሁሉም የተከፈተው በ2022 አጋማሽ፣ ቻትጂፒቲ የወጣው በኖቬምበር 2022 ስለሆነ ከዚያ በፊት ሥራ ላቆመ ሰው ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ መልመድም ግዴታ ነው። ግን ረዳቱ የዛገውን ይሸፍነዋል። እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ዝገቱን ማየት ነው። በሁለተኛው 10 ሰዓት ይጠቀሙበት፤ የሚሰጥዎትን እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደተጻፈ ማስረዳት ካልቻሉ ግን አያስገቡት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው ይሄው ነውና።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። 20 ሰዓቱ ሳያልቅ አራቱንም ከጨረሱ ሥልጠና አያስፈልግዎትም፤ ማመልከት ይጀምሩ። ሰዓቱን የበላው መጫንና ማሳደግ ሆኖ ኮዱ ራሱ ካልከበደዎት ከ4 እስከ 6 ሳምንት በራስዎ መሥራት ይበቃል። የራስዎን የድሮ ኮድ ማንበብ ከከበደዎት፣ ወይም የሠሩበት ቴክኖሎጂ ጨርሶ ከገበያ ከወጣ፣ ሰው የሚደግፍበት መንገድ ያስፈልግዎታል፤ ሪተርንሺፕ ወይም፣ ሌላ ካልተገኘ፣ ኮርስ።

ወደ ቀድሞ ቀጣሪ መመለስ

ከሁሉም አጭሩ መንገድ ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚናቀውም። ኮዱን ያውቁታል፣ ቢዝነሱን ያውቁታል፣ ሥራዎን ያዩ ሰዎች አሉ፤ የአልጎሪዝም ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ከሥራ የራቁት ከ3 ዓመት በታች ከሆነና የቀድሞ አለቃዎ አሁንም እዚያው ካሉ ሌላውን ሁሉ ከመሞከርዎ በፊት እዚህ ይጀምሩ።

"ሥራ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ግን ደካማ ጥያቄ ነው፤ "አሁን የለም" የሚል ቀላል መልስ አለው። የሚሻለው ቁርጥ ያለ ነገር ይዞ መቅረብ ነው፦ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሳምንት 4 ቀን መሥራት እችላለሁ። የክፍያውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ማን እንደያዘው ባውቅ ደስ ይለኛል። 20 ደቂቃ ልናወራ እንችል ይሆን?" እንዲህ ሲባል አለቃው የሚያስበው ስለ ክፍት ቦታ ሳይሆን ማንም ሊነካው ስለማይወደው ስለዚያ ኮድ ነው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ደሞዝ፦ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረው ቁጥር ላይ ሊመልሱዎት ይሞክራሉ። ስለዚህ መነሻው የድሮው ደሞዝዎ ሳይሆን ዛሬ ለዚያ ቦታ አዲስ ሰው ቢቀጥሩ የሚከፍሉት ይሁን። ሌላው የተቀነሰ ሰዓት ነው። ወጥመዱ እዚህ ስላለ በቁጥር እንየው። የ40 ሰዓት ሠራተኛ በሳምንት 8 ሰዓት ስብሰባ ቢኖረው ለሥራ 32 ይቀረዋል። እርስዎ በ60 በመቶ፣ በ24 ሰዓት ገብተው ያንኑ 8 ሰዓት ስብሰባ ከተቀመጡ የሚቀርዎት 16 ነው። ደሞዙ የተቀነሰው በ40 በመቶ፣ የሥራው ሰዓት ግን በግማሽ። ሥራው ካልተቀነሰ ልዩነቱ የሚሞላው ማታ ልጅ ከተኛ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓት ሲቀንሱ የትኞቹ ስብሰባዎች እንደሚቀሩ፣ በአንድ ዙር ስንት ሥራ እንደሚወስዱና የኦን ኮል (ከሥራ ሰዓት ውጭ ለችግር ጥሪ የመጠበቅ) ተራ ከስንተኛው ሳምንት እንደሚጀምር ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።

አራት ሙሉ ቀን ወይስ አምስት አጭር ቀን? ልጁ ማቆያ የሚውል ከሆነ አራት ሙሉ ቀን ይሻላል፤ በየቀኑ የሚባክነው የመነሻ ሰዓትና የጠዋቱ አጭር ስብሰባ አንዴ ይቀንሳል፣ አምስተኛው ቀን ለሐኪም ቀጠሮና ለመጠባበቂያ ይሆናል። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በየቀኑ ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ ግን አምስት አጭር ቀን የግድ ይሆናል፤ ያኔ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ከስብሰባ ነጻ እንዲሆን ይደራደሩ።

ጡት የሚያጠቡ ከሆነ ደግሞ ወተት ለማለብ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካላንደሩ ላይ ይዝጉት፤ ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፣ "ተይዟል" ይበቃል። ቁልፍ ያለው ክፍልና ማቀዝቀዣ መኖሩን ቀድመው ይጠይቁ።

ሪተርንሺፕ

ቃሉን ያስለመደው የአሜሪካው ባንክ ጎልድማን ሳክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሥራ ርቀው ለቆዩ ባለሙያዎች የጀመረው ፕሮግራም ስሙ ይሄ ነበር። አሁን ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የየራሳቸው አላቸው። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚፈጁ፣ ደሞዝ የሚከፈልባቸውና ሙሉ ሰዓት የሚጠይቁ ናቸው፤ ለመግባት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከሥራ የራቁ መሆንን ይጠይቃሉ። ስለዚህ 8 ወር ብቻ ለቆየ ሰው በሩ ዝግ ነው፤ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ላለው ሰውም እንደዚሁ።

ከ3 ዓመት በላይ ለራቀና ሙሉ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው ግን ከስድስቱ የሚመረጠው ይሄ ይመስለናል። ምክንያቱ ስሙ ወይም ሥልጠናው አይደለም፤ ኮድ ሪቪው ነው። ብቻዎን ሲሠሩ የማያዩትን የአሠራር ለውጥ የሚያሳይዎ ሌላ ሰው ኮድዎ ሥር የሚጽፈው አስተያየት ነው፣ እሱንም ደሞዝ እየተከፈለዎት ያገኙታል።

ፕሮግራሞቹ አንድ አይደሉም። ሲያመለክቱ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ዙር ከገቡት ስንቱ ቋሚ ተቀጠሩ? ለእኔ የሚሆን ቋሚ የሥራ መደብ ከአሁኑ ተፈቅዷል ወይስ በመጨረሻ ይታያል? የምሠራው የምርት ቡድን ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው በተዘጋጀ ፕሮጀክት ላይ? ከተቀጠርኩ በየትኛው ደረጃ ነው? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ለብቻው የተዘጋጀ ፕሮጀክት ማለት 16 ሳምንት ሠርተው ማንም የማይጠቀምበት ነገር ማስረከብ ነው፤ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ስለ እርስዎ የሚናገር የቡድን አባል አይኖርም። ገብተው ሳለ ምልክቱ ይታወቃል፦ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስትዎ (ኮድዎ እንዲገባ የሚያቀርቡት ጥያቄ)፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተቀባይነት አግኝቶ ፕሮዳክሽን ካልገባ አስተባባሪውን ያነጋግሩ። አሥረኛው ሳምንት ላይ ማንሣት አይጠቅምም።

ሌላው ችግር የጊዜ ሰሌዳው ነው። ዙሩ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ስለሚከፈት፣ እሱን እየጠበቁ ሌላውን ሁሉ ማቆም ስህተት ነው።

በቀጥታ ማመልከት

የ20 ሰዓቱን ሙከራ በቀላሉ ያለፈ ሰው፣ ከሥራ የራቀው 1 ዓመትም ይሁን 5፣ እዚህ ይግባ። ያልተቆራረጠ 15 ሰዓት በሳምንት ለዝግጅቱ ይበቃል።

ሲቪ ላይ ያለውን ክፍተት ለመደበቅ ዓመታቱን አጥፍቶ በሙያ ዘርፍ ብቻ መደርደር የተለመደ ምክር ነው፤ አይከተሉት። ቀጣሪው ዓመት ሲያጣ የሚያስበው እውነቱን ሳይሆን ከእውነቱ የከፋውን ነው። ሊንክድኢን ራሱ በ2022 ከሥራ የራቁበትን ጊዜ እንደ አንድ የሥራ ልምድ መስመር መጻፍ እንዲቻል አድርጓል። አንድ ወይም ሁለት መስመር ይበቃል፦

"2020–2024፦ ሙሉ ጊዜ ልጅ ማሳደግ። 2024፦ የግል ፕሮጀክት ከዶት ኔት ኮር 3.1 ወደ ዶት ኔት 8 ማሳደግ፤ ኮዱ በጊትሀብ ይገኛል።"

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። "የጊዜ አጠቃቀም ችሎታ በልጅ ማሳደግ አዳብሬያለሁ" የሚለውን ግን ይተዉት፤ እውነት ቢሆንም ፕሮግራመር ለሚፈልግ ሰው የሚነግረው ነገር የለም። ቃለ መጠይቅ ላይም እንደዚሁ በ20 ሰከንድ ይለፉት፦ "ከ2020 እስከ 2024 ልጆች ሳሳድግ ቆየሁ። ባለፉት ሦስት ወራት ይሄንን ፕሮጀክት አሳድጌያለሁ፤ ላሳይዎት እችላለሁ።" ማብራሪያና ይቅርታ የሚያበዛ ሰው ጠያቂው ያላሰበውን ጥርጣሬ ራሱ ይጭርበታል።

ዝግጅቱ እንደ ቃለ መጠይቁ ዓይነት ይለያያል። የአልጎሪዝም ጥያቄ ከሚጠይቁት ከሆነ ከ40 እስከ 60 ጥያቄ በ6 ሳምንት መሥራት በቂ ነው፤ 300 የሚሠሩ ሰዎች ፍርሃታቸውን እያስታመሙ ነው። ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይስጡ፣ ካልመጣልዎት መልሱን ያንብቡ፣ ከ3 ቀን በኋላ ሳያዩ ይድገሙት። ያልደገሙት አይቆጠርም። አሬይ፣ ሀሽ ሠንጠረዥ፣ ዛፍና ግራፍ ላይ ያተኩሩ። ቤት ወስደው የሚሠሩት ፈተና ሲሰጡዎት ደግሞ "4 ሰዓት ይወስዳል" ከተባለ ለእርስዎ 8 ሊሆን እንደሚችል ያስቡና ከመቀበልዎ በፊት የማስረከቢያውን ቀን ይደራደሩ፤ ቅዳሜ ተሰጥቶ ሰኞ የሚፈለግ ፈተና ወላጅን በሥራ ችሎታው ሳይሆን በቤቱ ሁኔታ ነው የሚመዝነው። አንድ ሳምንት ሲጠይቁ "አይቻልም" የሚል ቀጣሪ ልጅ ሲታመምም ያው ይለናል ብሎ መጠርጠር ነው።

ቅደም ተከተልም አለው። በጣም የሚፈልጉትን ቦታ መጀመሪያ አያመልክቱ፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ብዙም የማይጓጉላቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ይፈተኑ፤ ከዓመታት በኋላ ሰው እያየዎት ኮድ መጻፍ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ጣት ይተሳሰራል። አራተኛው ላይ ይፈታል።

ፍሪላንስ

"ሰዓቴን ራሴ አዛለሁ" በሚል ወላጆች በብዛት የሚመርጡት መንገድ ይሄ ነው። እውነታው ግን ሰዓቱን የሚያዘው ደንበኛው ነው። ልጅ ገላውን እየታጠበ ሳለ ዌብሳይቱ ይወድቃል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ተተክቶ የሚሠራ የቡድን አባል የለም። ከዚህ በላይ የሚጎዳው ግን ኮድዎን የሚያይልዎ ሰው አለመኖሩ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ልማድ የተጻፈ ኮድ ይሠራል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ እርስዎ ግን ባሉበት ይቆያሉ።

የሚያዋጣው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ከመውጣቱ በፊት ደንበኛ የነበረውና ያ ደንበኛ አሁንም የሚፈልገው፤ ሌላው ጠባብ ሙያ ያለው፣ ለምሳሌ የድሮ ዳታቤዝ ወደ አዲስ ማሻገር። በሳምንት ከ10 እስከ 20 ሰዓት ላለው እንዲህ ዓይነት ሰው ይሠራል።

ዋጋ ሲያወጡ የድሮ ወርሃዊ ደሞዝዎን ለ160 ሰዓት አያካፍሉ። ከሚሠሩት ሰዓት ሲሶው ያህል ደንበኛ በመፈለግ፣ በመነጋገርና ሂሳብ በመጠየቅ እንደሚያልፍ፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ቀንም ከኪስዎ እንደሆነ ያስቡና ለ80 ወይም ለ90 ያካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር የሰዓት ዋጋዎ ነው። ሥራው በቁርጥ ዋጋ ከሆነ የተካተተውን ብቻ ሳይሆን ያልተካተተውንም ይጻፉ። ውሉ ላይ ደግሞ "ለችግር ጥሪ ምላሽ በሚቀጥለው የሥራ ቀን" የሚል አንቀጽ ይኑር። ይሄን የማይቀበል ደንበኛ የኦን ኮል ክፍያ ለብቻ ይክፈል።

ቡትካምፕና ኮርስ

አጭር እንሁን፦ ለቀድሞ ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ሙሉ ሰዓት የሚወስዱት ቡትካምፖች የተዘጋጁት ለጀማሪ ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ተለዋዋጭ፣ ሉፕና ፈንክሽን ነው። ከዚያም ሲወጡ ሲቪዎ ላይ የመጨረሻው መስመር "ቡትካምፕ" ይሆንና የስምንት ዓመት ልምድ ያለው ሰው እንደ ጁኒየር ይታያል። የሚያዋጣው ከ7 ወይም 8 ዓመት በላይ ርቀው ቴክኖሎጂውን ከሥሩ ለሚቀይሩ፣ ለምሳሌ ከዴስክቶፕ ፕሮግራም ወደ ዌብ ለሚሻገሩ ነው፤ ያኔም የማታውን ወይም የግማሽ ቀኑን ይምረጡ። ለሌላው ሰው የቋንቋው ኦፊሴላዊ ሰነድና አንድ እስከ መጨረሻ የተሠራ ፕሮጀክት ይሻላል።

የክላውድ ሰርተፊኬት በመሠረተ ልማት ዘርፍ ለሚያመለክት ሰው ይረዳል፤ የኤደብልዩኤስ (የአማዞን ክላውድ) ሰርተፊኬቶች ግን የሚያገለግሉት ለ3 ዓመት ስለሆነ ሥራ ከመፈለግዎ ሁለት ዓመት ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

ኦፕን ሶርስ

ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ በሳምንት ከ10 ሰዓት በታች ላለው ሰው ግን ከስድስቱ ያለው ምርጫ ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ የሌላ ሰው ኮድ ማንበብንና ሪቪውን በነጻ ይሰጣልና። የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ ይምረጡ፣ ትልልቆቹን ዝነኛ ፕሮጀክቶች ይተዉ፦ እዚያ ፑል ሪኩዌስት ለወራት ተኝቶ ይቀራል። ከመጀመርዎ በፊት የመጨረሻዎቹን አሥር ፑል ሪኩዌስቶች ይመልከቱ፤ ከውጭ ሰው የመጡት በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ ሌላ ይፈልጉ።

ክፍያ ያላቸውም አሉ። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2022 ጀምሮ ተማሪ ላልሆኑ የኦፕን ሶርስ ጀማሪዎችም ተከፍቷል፤ 90፣ 175 እና 350 ሰዓት የሚወስዱ ፕሮጀክቶች ስላሉት ሰዓቱ ለተቆጠረበት ወላጅ ይመቻል። አውትሪቺ ደግሞ 3 ወር የሚቆይ፣ ከርቀት የሚሠራና 7,000 የአሜሪካ ዶላር የሚከፍል ነው፤ በሳምንት 30 ሰዓት ይጠይቃል፣ የመግቢያ መስፈርቱም ጠበቅ ያለ ነው።

ሁለት ቅጥር እጅ ላይ ሲገባ

እዚህ ድረስ ተደርሶ በመጨረሻ ደሞዝ ብቻ አይቶ መምረጥ ያሳዝናል። ለወላጅ ከደሞዙ ቀጥሎ የሚመዝነው የኦን ኮል ሰንጠረዥ ነው። ያለፈውን ወር ሰንጠረዥ ለማየት ይጠይቁ፦ በስንት ሳምንት አንዴ ተራ ይደርሳል፣ ባለፈው ወር ሌሊት ስንት ጊዜ ተደወለ፣ ልጅ ሲታመም ተራ መለዋወጥ ማንን ያስፈቅዳል? ስድስት ሰው ባለበት ቡድን ተራው በ6 ሳምንት አንዴ ነው፤ ሦስት ሰው ባለበት ግን በየ3 ሳምንቱ፣ ደሞዙ ቢበልጥም። ከዚያ ከአለቃው ውጭ ከአንድ የቡድኑ አባል ጋር 15 ደቂቃ ለማውራት ይጠይቁና "ትናንት ስንት ሰዓት ወጣህ?" ይበሉት። "ብዙውን ጊዜ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?" ሲባል የሚመጣው የኩባንያው መልስ ነው፤ ስለ ትናንት ሲጠየቅ ግን የራሱን ይናገራል።

የመጀመሪያውን የሥራ ቀን እንዲመርጡ ዕድሉን ከሰጡዎት ሰኞ አይበሉ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ወይም ሁለት ቀን ሆኖ ያልቃል፤ ላፕቶፑ፣ የይለፍ ፈቃዱና የኤስኤስኤች ቁልፉ በእነዚያ ቀናት ይስተካከላሉ፣ ጠዋት ልጅ አድርሶ ሥራ የመድረሱ ሙከራም ሁለት ሦስት ጊዜ ይታያል። ስንት ደቂቃ እንደዘገዩ ቅዳሜ ተቆጥሮ ሰኞ ይታረማል።